ከሃያኛው ስም በታች

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቢንያም ዛሬም አልተረታም። እኔም አልተረታሁም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጀመርነው ክርክር ምሳ ደርሶም አላለቀም፤ ምሳችንን ተኳርፈን በላን። የምንጣላበት ነገር የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ነው። ሰው ቢሰማን ይስቅብናል።

በቅጡ ላስፍረው፤ ስጽፈው ነው ሐሳቤ የሚጠራልኝ። አንድ የዓይን ሕክምና ቡድን በዓመት አንዴ ጎንደር ይመጣና በየወረዳው እየዞረ የዓይን ሞራ ይገፍፋል። ማን፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን እንደሚታከም የሚያሳውቀውን ድረ ገጽ የምንሠራው እኔና ቢንያም ነን፤ ፒያሳ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለችው አንድ ክፍል ቢሯችን። እስከ አምና ስም ዝርዝሩ ታትሞ በሾፌር ነበር የሚላከው። ዘንድሮ በድረ ገጹ ይውጣ ተባለ። ገጹ ግን ለኮምፒውተር የተሠራ ነው። ስልክ ላይ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፤ የገጠር ኔትወርክ ላይማ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ለስልክ የሚሆን ቀላል ገጽ እንዲኖር ተስማምተናል። ያልተስማማነው በየትኛው አድራሻ ይቀመጥ በሚለው ነው።

ያሉን መንገዶች፦
– ከዋናው አድራሻ ፊት «ኤም ነጥብ» መጨመር፤ ኤሟ ሞባይል ለማለት ናት። የስልኩ ገጽ የራሱ ቤት፣ የራሱ በር ይኖረዋል።
– ከዋናው አድራሻ ኋላ «ስላሽ ኤም»፣ ያጋደለች ሰረዝና ኤም፣ መጨመር። እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ክፍል መቀጠል ነው።
– አድራሻውን ሳይነኩ፣ አንዱ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት እንዲጠብና እንዲሰፋ አድርጎ መሥራት።

እኔ የመጀመሪያውን ነው የምፈልገው። አጭር ነው፣ በቃል ይያዛል፣ ከሌላ ሥራ የተረፈኝ ቀላል ገጽ ስላለም በአንድ ቀን ይደርሳል። ሁለተኛውን ማናችንም አልወደድነውም። ቢንያም ሦስተኛው ላይ ሙጭጭ ብሏል። «ሊንክ እኮ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከስልክ የወጣው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል» ይላል። ሁለት ቤት ከተሠራ ሁልጊዜ የማይሆነው ቤት የሚገባ ሰው አይጠፋም ባይ ነው። የሱ መንገድ ግን ገጹን ከመሠረቱ ማፍረስ ይፈልጋል፤ ቡድኑ ደግሞ ረቡዕ ጠዳ ላይ ሥራ ይጀምራል። ጊዜ የለንም አልኩት። እውነት ነው፣ ጊዜ የለንም። ለዚህ ደብተር ግን አልዋሽም፤ ጊዜ ቢኖረንም ኤም ነጥብን ነበር የምመርጠው፤ ሐሳቡ የኔ ነዋ።

ለቢንያም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። አያ ፈንታ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዘንድሮ ተመዝግበዋል። ከአምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው የሚኖሩት። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ቀኙም ካምና ጀምሮ ደብዝዟል። ምራታቸው እጃቸውን ይዛ ካልመራቻቸው ከደጅ አይወጡም። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተብሏል። ዘንድሮ ካመለጣቸው ግን ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ገጹ ቶሎ እንዲደርስ የምጣደፈው ለሳቸውም ጭምር ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቆረጥኩት። ኃላፊነቱ የኔ ነው፣ ኤም ነጥብ ይሆናል አልኩ። ቢንያም አልተቆጣም፤ እሱ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም፤ ይኼ ራሱ ያናድደኛል። «እሺ፤ ግን ኮምፒውተር ላይ የከፈተውን ሰው ወደ ትልቁ ገጽ የሚመልስ ነገር ሥሪለት» አለኝ። ልክ ነው። ከሚሠሩት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ሰባተኛ አድርጌ ጻፍኩት። ዛሬ እስከ አምስተኛው ደረስኩ።

የዛሬ ድሎች፦
– ገጹ ወጣ።
– ክብደቱ ከትልቁ ገጽ አንድ አሥረኛ አይሞላም።
– አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ደውዬ ኃላፊው አቶ ደሳለኝ በገዛ ስልካቸው እንዲሞክሩት ጠየቅኳቸው። «ቆይ ልክፈተው» ብለው ሳይጨርሱ ተከፈተላቸው። ሸጋ ነው አሉኝ።

ገጹ እንዲቀል አንድ ዘዴ ተጠቅሜያለሁ። ከየጤና ጣቢያው ዝርዝር መጀመሪያ የሚመጡት ሃያ ስሞች ብቻ ናቸው፤ ከሥር «ቀሪውን አሳይ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ሲነኩት የተረፈው ይመጣል። ቢንያም አይቶ፣ ቁልፉን የማይነካ ሰውስ አለኝ። ቁልፍ የማይነካ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል አልኩት። በራሴ አባባል ትንሽ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

የሕክምናው አስተባባሪ ሲስተር ገነት ከሰዓት በኋላ ቢሮ ድረስ መጥታ አየችው። ጡረታዋ የቀረበ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ይህን አይቶ ቀኑን ያውቃል ወይ? ያውቃል አልኳት። በይ እንግዲህ ብላ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ወዳሉበት የቴሌግራም ቡድን አስገባችኝ። የስልኩን ሊንክ እኔው በእጄ ለጠፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዳ ተጀመረ። እኔ ግን ጠዋቱን ሙሉ እሳት ሳጠፋ ዋልኩ።

አንደኛ፣ ስልካቸው ላይ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ የመጣባቸው ሰዎች ነበሩ። ገጹን የሚያስጠብቀው ሰርተፍኬት የተገዛው ለዋናው አድራሻ ብቻ ነው፤ ኤም ነጥብ ለሱ ባዕድ ነው። የሲስተር ገነት ሾፌር ስልኬን በሽታ አስያዛችሁት ብሎ ደወለልኝ። አዲስ ሰርተፍኬት አስገባሁ። ሁለተኛ፣ በስልኩ የእንፍራንዝን ዝርዝር የከፈተ ሰው እንፍራንዝ አይደለም የሚደርሰው፤ የስልኩ ገጽ መነሻ ላይ ይጣላል። ቢንያም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ምንም ሳይል አብሮኝ አስተካከለ። «ብዬሽ አልነበረም ወይ» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ሲስተር ገነት ከጠዳ ደወለች። አሥራ ስምንት ሰው ተጠርቶ አሥራ ስምንቱም መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቢንያም እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። እንደገና በይልኝ ማለት ነው የቀረኝ።

የአምባ ጊዮርጊስ ዝርዝርም ወጣ። አርባ ስድስት ሰው ነው፤ ቅዳሜና እሁድ። አያ ፈንታ አርባ ሦስተኛ ናቸው፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሆነ ነው። እሁድ ይገባሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መብራት ጠፍቶ ዋለ። የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ሠራሁ፤ ከዚያ ቤቴ ሄድኩ።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አለች። ለእንፍራንዝ አንዲት ሴት በስህተት ሁለት ጊዜ ተመዝግበው ኖሮ አንዱን ሰረዝኩ። ትልቁ ገጽ ላይ ሰርዤ የስልኩን ረሳሁት። ቢንያም ነው ያየው። ሁለት ቤት ማለት ሁለት ጊዜ መጥረግ ነው፤ ይኼን ገና ዛሬ ነው የገባኝ። ሰባተኛው ሥራ አሁንም አልተሠራም። ለሰኞ አስተላለፍኩት፤ ነገ ሚካኤል ነው፣ ማን ይሠራል።

ከአምባ ጊዮርጊስ ምንም ስሞታ አልመጣም። ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የዛሬውንም በቅጡ ላስፍረው።

ስድስት ሰዓት ላይ ታቦት አስገብተን ከእናቴ ጋር እንደተመለስን አያ ፈንታ ደወሉ። እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ ነው። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁ፣ ስለ ኑሮ ጠየቁ፣ ምነው አታገቢም የሚለውን እንደተለመደው ጠየቁ። ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ነው አሉኝ። እኔም እንደ ቀላል ነገር፣ እሁድ ስንት ሰዓት ላይ ነው አምባ ጊዮርጊስ የሚገቡት አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«ለዓይኑ ነዋ።»

«ኧረ እኔ የለሁበትም ልጄ፤ ስሜ አልወጣም።»

ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ትናንት ምራታቸው እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያ ድረስ ወስዳቸዋለች። ሰሌዳው ላይ ዝርዝሩ ተለጥፎ ነበር። አንባቢ ፈልጋ አስነበበች፤ ደግማ በሌላ ሰው አስነበበች። ሃያ ስም ነው፤ የሳቸው የለም። ተመልሰው ሄዱ። ምነው የጤና ጣቢያውን ሰው አልጠየቁም አልኳቸው።

«ማኅተም ተመቶበታል እኮ። ምን ብዬ ልጠይቅ?»

ሃያ ስም ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ። ስምዎ አለ ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ፤ ደግሜ ብደውል ዝግ ነው። አቶ ደሳለኝ ጋ ደወልኩ፤ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ላኩልኝ። የኔ ገጽ ነው። ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩትን የስልክ ሊንክ ቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ከፍተው፣ ፕሪንት አድርገው፣ ፈርመው፣ ሐምራዊ ማኅተም አሳርፈው ለጥፈውታል። ሃያ ስም፣ ከሥሩ «ቀሪውን አሳይ» የሚለው ቁልፍ ጥርት ብሎ ታትሟል፤ ማኅተሙ ያረፈው በትክክል እሱ ላይ ነው። ወረቀት ላይ ቁልፍ አይነካም።

አቶ ደሳለኝን አልወቅስም። የሠሩት በአገራችን ቢሮ ሁሉ የሚሠራውን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ትልቁ ገጽ ቢከፈትላቸው አርባ ስድስቱም ስም ይታተም ነበር። ሰባተኛውን ሥራ ብሠራው ኖሮ ይከፈትላቸው ነበር። አድራሻው አንድ ቢሆን ኖሮማ ሰባተኛ ሥራ የሚባል ነገር ራሱ አይኖርም ነበር። ጠዳ ላይ ያልታወቀው ዝርዝሩ አሥራ ስምንት ስለነበር ነው፤ ቁልፉ ጋ አልደረሰም። እንፍራንዝ ደወልኩ፤ እዚያ ያለችው ነርስ ከስልኳ እያየች ሁሉንም በእጇ ገልብጣለች። እግዜር ይስጣት። የአምባ ጊዮርጊስ ሃያ ስድስት ሰዎች ግን፣ ስማቸው ከ«ት» ጀምሮ ባሉት ፊደላት የሚጀምር ሁሉ፣ ተሰርዘናል ብለው ቤታቸው ገብተዋል። አንዱም አልጠየቀም። የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ለምን አላለም።

አቶ ደሳለኝን ሙሉውን ዝርዝር አሁኑኑ ይለጥፉልኝ አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«ማኅተም ያለበትን ወረቀት በቃል አላነሳም። ሰዉም አያምነኝም። ደብዳቤ አምጪልኝ፣ የቀረውን ለኔ ተይው።»

ሲስተር ገነት ጋ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ ማኅተሙ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ግን እሷ ጋ እንደሆነ ነገረችኝና አሥር ሰዓት ላይ ነይ አለችኝ። ደብዳቤውን እስከዚያ አረቀቅሁ። መጀመሪያ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ ማንንም አይነካም። አቶ ደሳለኝን ግን ይነካል፤ አንብቦ አላተመም ይባላሉ። ሰረዝኩትና እንዲህ አደረግኩት፦ ከሃያኛው ስም በታች ያሉት ያልታተሙት ድረ ገጹ የተሠራበት መንገድ ስለደበቃቸው ነው፤ ስህተቱ የድረ ገጹ ሠሪ ነው፤ ማንም አልተሰረዘም። ስሜን ጻፍኩ። ሲስተር ገነት ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንዲህ ተብሎ አይጻፍም ነበር አለች፤ ግን ፈረመች፣ ማኅተሙንም መታች።

ከርሞ ይህን ሥራ ለሌላ ትሰጠው ይሆናል። አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቄ በመጀመሪያው ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ገባሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ደብዳቤውን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር።

አቶ ደሳለኝ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በስልክ ድምፃቸው ሽማግሌ መስለውኝ ነበር፤ እኩያዬ ናቸው። ደብዳቤውን ቆመው አነበቡ። «ስህተቱ የድረ ገጹ ሠሪ ነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ሙሉውን ዝርዝር አተሙ፣ ማኅተም መቱ፣ የድሮውን ነቅለው አዲሱን ከደብዳቤው ጋር ለጠፉ። የነቀሉትንም አልጣሉትም፤ ፋይል ውስጥ አስገቡት።

መለጠፍ ብቻውን ምን ይሠራል? አይቶ የሄደ ሰው ተመልሶ ሰሌዳ አያይም። ደግነቱ ዛሬ ገበያ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ አጨዳ ነው፣ ግማሹ ሰው ማሳ ላይ ነው። አቶ ደሳለኝ የክትባት ዘመቻ ድምፅ ማጉያ አውጥተው ከብት ተራው ዳር ቆመው ሃያ ስድስቱን ስም ከነቀበሌው ሦስት ጊዜ አነበቡ። እኔ ደግሞ ስሞቹን አንድ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ከየቀበሌው ለመጣ ገበያተኛ ለማደል ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ፣ በግ ሊሸጡ የመጡ፣ ብጣሹን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። ማኅተም የለውም፤ እዚያ ሄጄ ማን ያምነኛል አሉኝ።

ልክ ናቸው። ተመለስኩ። አቶ ደሳለኝ ሃያ ስድስቱንም ብጣሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው አንድ በአንድ ማኅተም መቱ። ቀለሙ አልቆ ሁለት ጊዜ ጨመሩበት። አንዳንዱ ብጣሽ ከማኅተሙ ያነሰ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ተቀበለኝ፤ አንዲት እናት መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው ወሰዱት።

አያ ፈንታ ጋ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ኔትወርክ የሚያገኙት ኮረብታው ላይ ሲወጡ ነው፣ ያለ ሰው ደግሞ አይወጡም። የሳቸውን ብጣሽ ለጎረቤታቸው ሰጠሁ። ሲመሽ ይደርሳል አለኝ፤ ሰውዬው ግን ጠላ ቤት ሲገባ አየሁት። ልቤ እዚያ ቀረ።

ቢንያም ከጎንደር ደወለ። ቅዳሜውን ቢሮ ገብቶ ሰባተኛውን ሥራ ሠርቶታል፤ አሁን ኤም ነጥብን ኮምፒውተር ላይ የከፈተ ሰው ትልቁን ገጽ ያገኛል። አመሰግናለሁ አልኩት። ከዚያ እውነቱን ነገርኩት፤ አያ ፈንታ አጎቴ እንደሆኑ። አውቃለሁ አለኝ፤ ረቡዕ ዕለት ዝርዝሩን ሳይ ስትቅበጠበጪ ነበር አለኝ። ይኼን ሁሉ እያወቀ ዝም ይላል።

ዛሬ ሃያዎቹ ታከሙ። ከሃያ ስድስቱም አራት ሰዎች ከገበያው ቀጥታ መጥተው ዛሬውኑ ገቡ። የማድረው ጤና ጣቢያው አጠገብ ካለች አልጋ ቤት ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ከቅዳሴ በኋላ መምጣት ጀመሩ። ብጣሹን እጃቸው ላይ ይዘው፣ አንዳንዱ አሳይ ሳይባል ቀድሞ እየዘረጋ። በር ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። አራት ሰዓት ላይ ከቀሪዎቹ ሃያ ሁለት ስምንቱ። ስድስት ሰዓት ላይ አሥር። ከዚያ መጉረፉ ቆመ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልመጣም። ዛሬ ቅበላ ነው፣ ነገ ጾም ይገባል፤ ሰው ቤቱ ነው። ሐኪሙ ወጥተው ሌላ አለ ወይስ ዕቃችንን እንሰብስብ ብለው ጠየቁኝ። ነገ ጠዋት ወደ እንፍራንዝ ይሄዳሉ። አለ አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ብቻ አለ አልኩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አያ ፈንታን አየኋቸው። ምራታቸው ከፊት፣ እሳቸው አንድ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው፣ በሌላው ዱላቸውን ይዘው። ከኋላቸው ከዝርዝሩ ውስጥ ያሉ አምስት የዚያው ቀበሌ ሰዎች ተከትለዋል። ያ ጠላ ቤት የገባው ጎረቤት ለካ እዚያው ሆኖ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አስነብቧል፤ ማታውኑ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ስረግመው ነው ያደርኩት።

እኔ መሆኔን በድምፄ ለዩኝ። ምነው አንቺ እዚህ አሉኝ። በኋላ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው፤ እኔ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት ሰዎች ጨመሩ። ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሦስት ማለት ነው። ያልመጡት ወይዘሮ ትበርህ፣ አቶ አየልኝ እና ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው። አቶ አየልኝ ልጃቸው ጋ ቆላ ወርደዋል ተባለ። ስለ ሁለቱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጠዋት ፋሻው ተነሣ። አግዳሚው ላይ በተርታ ተቀምጠው ነርሷ አንድ በአንድ ትፈታላቸዋለች። አንዱ መሬት መሬት ያያል፣ አንዷ እጇን እያገላበጠች ታያለች። አያ ፈንታ ፋሻው ሲወርድ ጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ብዙ አዩኝ።

«አዲሴ? ምነው እንዲህ ሸበትሽ?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሦስት ነጭ ፀጉር ብትኖረኝ ነው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። አድራሻ፣ ሊንክ፣ ቁልፍ የሚለውን ትቼ፣ ስምዎትን ከወረቀቱ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። በችኮላና በግትርነት ነው አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸውን ብሆን እኔ እቆጣ ነበር። በታከመው ዓይናቸው ወደ ማዶው የገብስ ክምር ሲያዩ ቆዩ።

«እኔስ እግዜር የተወኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «አንቺ ከሆንሽ ይሻላል።»

ከሰዓት በኋላ ጎንደር ገባሁ። ቢሮ ስደርስ ቢንያም ሻይ አዝዞ ጠበቀኝ። እውነቱን ለመጻፍ፣ መንገድ ላይ ራሴን ሳባብል ነበር የመጣሁት። «ቀሪውን አሳይ» የሚለውን ቁልፍ ማንሳት ብቻ ይበቃል፣ ሰባተኛውም ሥራ ተሠርቷል፣ ኤም ነጥብ ይቆይ ብዬ። ሊያስኬድም ይችላል። ግን ነገ ደግሞ ሌላ የረሳሁት ስምንተኛ ሥራ ይኖራል፤ ሁለት ቤት እስካለ ድረስ የማጣራው አንዱን ነው። በመሐሉ ደግሞ ማኅተም አለ፤ አንዴ የታተመ ነገር ድረ ገጽ አይደለም፣ ልጥራህ ቢሉት አይመለስም። ስለዚህ አንድ አድራሻ ይሁን አልኩት። ገጹ ራሱ ይጥበብ፣ ራሱ ይስፋ፤ ሲታተም ሁሉንም ስም ያሳይ። ኤም ነጥብን አናጠፋውም፤ በየስልኩ ተቀምጦ ስለሚቀር ወደ ዋናው የሚያሻግር በር ሆኖ ይኑር። ቢንያም እሺ አለ። ሻዬ ላይ ስኳሬን ጨምሮልኝ ነበር።

ሲስተር ገነት ጋ ደወልኩ። አዲሱን መቼ ታደርሱታላችሁ አለችኝ፤ ስለዚህ ሥራውን አልነጠቀችኝም ማለት ነው። እንፍራንዝ ላይ ግን ዝርዝሩን በወረቀትም ትልካለች፣ በሾፌር። አልተከራከርኳትም። ያልመጡት ሦስቱ ለከርሞ ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ አለች። እስከዚያ ተሰርዘው እንዳልሆነ ይነገራቸው አልኳት። አቶ ደሳለኝ በየቀበሌያቸው ሰው ልከዋል፤ እስካሁን ያገኘ የለም።

አያ ፈንታ ከኔ አፍ ሰሙት። ሦስቱ ግን ዛሬም እግዜር ነው ብለው ተቀምጠው ይሆናል።